ግብር የተከፈለበት ቅቤ

በሶዶ ከተማ የስንቱን ሰው የቤት ካርታ ኮፒ እንዳደረግኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሱቄ ከመሥሪያ ቤቶቹ ዝቅ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ደብተርና እስክርቢቶ እሸጣለሁ፤ ዋናው እንጀራዬ ግን ኮፒ ማሽኑ ነው። ብድር የሚጠይቅ፣ ውርስ የሚካፈል፣ ግብር የሚያሳውቅ፣ ሁሉም ወረቀቱን ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ስደፋ አላነብም ብል እዋሻለሁ። አነባለሁ። የማን ቤት በማን ስም እንደሆነ፣ ማን ስንት ካሬ እንዳለው፣ የትኛው ነጋዴ ለገቢዎች ደሃ፣ ለባንክ ሀብታም እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ባየሁ ቁጥር ቤት ገብቼ ለባሌ እያወራሁ እስቅ ነበር።

የራሴ ካርታ ግን አልነበረኝም። ከባሌ ጋር ከተጋባን ጀምሮ ስድስት ቤት ተከራይተን ለቀናል። እሱ የሁምቦ ልጅ ነው፤ የፊዚክስ መምህር፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ። ዕቃ ጭነን ከቤት ወደ ቤት በሄድን ቁጥር ጋሪው ላይ የሚንገዳገደውን ትልቁን የመጽሐፍ መደርደሪያውን እያየሁ «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እለዋለሁ። ይስቃል። ሰባተኛው ቤት ላይ ግን አሥራ አንድ ዓመት ቆየን፤ ሁለቱ ልጆቻችን እዚያ አደጉ። ባሌ ጓሮው ውስጥ አቮካዶ ተከለ። በኪራይ ግቢ አቮካዶ የሚተክል ሰው ልቡ ምን እንደሚያስብ ለማንም ግልጽ ነው።

አከራያችን ወላጆቻቸው ከስልጤ የመጡ የጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ሐጂ እንላቸዋለን። ኪራያቸውን የሚቀበሉት ገበያ ካለው ሱቃቸው ስለሆነ፣ በግንቦት መጨረሻ አንድ ከሰዓት ራሳቸው ቤት ድረስ ሲመጡ ደነገጥኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ውሃ ጠየቁ።

«ቤቱን ልሸጠው ነው» አሉ። «ደክሞኛል፣ ልጆቼም ሐዋሳ ናቸው። ገዢ አለ። ግን አሥራ አንድ ዓመት ኪራይ አንድ ቀን አላሳለፋችሁብኝም። ቅድሚያው የእናንተ ነው፣ እስከ መስቀል እጠብቃለሁ። ከመስቀል ወዲያ ግን እንዳታስቀይሙኝ።»

ባሌ ሸኝቷቸው ሲመለስ ወደ ቤት አልገባም። ወደ ጓሮ ዞሮ አቮካዶው ሥር ብዙ ቆመ።

ባንክ ሄድን። የብድር ባለሙያው ትሕትና ያለው ወጣት ነበር። የመምህር ደመወዝ ብቻውን የወሩን ክፍያ እንደማይሸከም፣ የሱቄ ገቢ መደመር እንዳለበት ነገረን። «ገቢዎን ባንኩ የሚያየው ለገቢዎች ካሳወቁት ላይ ነው» አለኝ። ባለፈው ሐምሌ ያሳወቅኩትን አውጥቼ ሰጠሁት። አየው፣ መልሶ እኔን አየኝ። እዚያ ወረቀት ላይ ያለችው ሴት እንኳን ቤት፣ የቤት በር የምትገዛ አትመስልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ገጽ ኮፒ አድርጎ ደረሰኝ ስጪኝ የሚል ደንበኛ አላውቅም። ያልተጠየቀ ደረሰኝ አይቆረጥም፣ ያልተቆረጠው ደግሞ ሐምሌ ሲመጣ አይታወስም። ዓመት ዓመት እየረሳሁ፣ እየረሳሁ፣ ስስቅባቸው የነበሩትን ሰዎች ሆኜ ቁጭ አልኩ። ባንኩ በር ላይ ስንደርስ ባሌ ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰልኝና ቀድሞኝ ወረደ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሂሳቤን የሚሠራልኝ ሰው ግን አልተጨነቀም። «ቀላል ነው፤ የባለፈውን ዓመት በማስተካከያ ታሳውቂያለሽ። ልዩነቱን ከነቅጣቱ፣ ከነወለዱ ትከፍያለሽ። ሕግ የፈቀደው ነገር ነው፣ ሰው ተሳስቶ ያርማል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይፈቀዳል። ከዚያ የባንክ ስቴትመንትሽን አምጪ አለኝና ዓመቱን ሙሉ ወደ ሂሳቤ የገባውን ሁሉ ደመረው።

እዚህ ላይ የቅቤውን ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ በወላይታ ለጊፋታ፣ ለአዲስ ዓመታችን፣ ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ለበሬ ይቆጥባሉ፣ ሴቶቹ ለቅቤ። በዓሉ ላይ ቅቤ ያነሳት ቤት ምግቧ ሁሉ ይደርቃል፣ የመጣው እንግዳም ዓመቱን ሙሉ ያወራባታል። ስለዚህ ከአንዱ በዓል ማግስት እስከሚቀጥለው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይዋጣል፣ አንዷ ትይዘዋለች። የሰፈራችን የቅቤ ማኅበር ሃያ ሁለት ሴት ነው፤ ገንዘብ ያዧ እኔ ነኝ። ድሮ ብሩ በቆርቆሮ ሣጥን ነበር የሚቀመጠው። እኔ ስመረጥ ዘመናዊ ልሁን ብዬ፣ ሰኞ ሰኞ የሱቄን ሽያጭ ባንክ ስወስድ የእነሱንም አብሬ አስገባ ጀመር፤ በራሴ ሂሳብ። ለማኅበሩ የራሱን ሂሳብ ለመክፈት ቃለ ጉባኤ፣ የሦስት ሰው ፊርማ፣ የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል ሲሉኝ ማን ይንከራተታል ብዬ ነው። የማን ስንት እንደሆነ በሰማያዊ ደብተር እጽፋለሁ። አንዲት ሳንቲም ጎድላ አታውቅም፤ ሴቶቹም ደብተሩን አሳዪን ብለው አያውቁም።

ሂሳብ ሠሪው ድምሩን ሲያሳየኝ ከፍ ያለ፣ ዓይን የሚሞላ ድምር ነበር። ከጨመረው ውስጥ የሚበዛው እኔው የረሳሁት ሽያጭ ነው። የቀረው የቅቤው ብር ነበር። ይህን በኋላ ነው የገባኝ ማለት እችል ነበር፤ ግን እዚያው፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ገብቶኛል።

«ይሄ ሁሉ ሽያጭ ነው፣ አይደል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ፈረምኩ። ግብሩን ከነቅጣቱ ለመክፈል ለአዲስ ማሽን ያጠራቀምኩት ሁሉ ሄደ። ከፍዬ ስወጣ ግን፣ ይገርማል፣ ጽድቅ የሠራሁ መሰለኝ። ከሚገባው በላይ ግብር የከፈለን ሰው ማን ይወቅሰዋል? እንዲህ እያልኩ ራሴን አሞኘሁ።

በነሐሴ ዝናብ ወረቀቴን በፌስታል ጠቅልዬ ባንክ ሄድኩ። እንኳን ደስ ያለሽ የምባል መስሎኝ ነበር። የብድር ባለሙያው ልጅ የመጀመሪያውንና የተስተካከለውን ማሳወቂያ ጎን ለጎን ዘረጋቸውና «ለምን ተስተካከለ?» አለኝ።

«ስህተት ነበረበት።»

«ገብቶኛል። ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ይህን ሲያይ ከገቢው በፊት ቀኑን ነው የሚያየው። ብድር ሊጠየቅ ሲል ገቢው አደገ ይላሉ። የተጨመረው ከየት እንደመጣ ማሳየት አለብን።»

ስቴትመንቴን አወጣና በእርሳስ ገጽ በገጽ ይሄድበት ጀመር። ሰው የራሱ ቆሻሻ ልብስ በሌላ እጅ ሲታጠብ እያየ እንደመቀመጥ ነው፤ አፈርኩ። እርሳሱ አንድ ቦታ ቆመ።

«ሰኞ ሰኞ የምትገባ ይቺ ምንድን ናት? ሁልጊዜ እኩል ናት።»

«ሽያጭ» አልኩ።

ገጹን ገለጠ። «መስከረም ላይ ደግሞ በአንድ ቀን ሙሉዋን ትወጣለች።» እርሳሱን አስቀመጠ። አጠገባችን ያለው መስኮት ጋ ሰው ስለነበር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ እዚሁ ወላይታ፣ ቢጠና ነው የምትኖረው። እሷም የሴቶቹ ገንዘብ ያዥ ናት» አለኝ።

ፊቴ ጋለ። ያንን ሁሉ ወረቀት አልፎ በቀጥታ ጓዳዬ የገባ ሰው አጋጠመኝ። ልጁ ግን አላሳፈረኝም። «እኔ የማውቀውን አዲስ አበባ ያለው ሰው አያውቅም» አለ። «ይህ ሽያጭ ነው ብለው በደብዳቤ ፈርመው ካመጡ ከፋይሉ ጋር አያይዛለሁ። አይደለም ብለው ካመጡም አያይዛለሁ። ደብዳቤውን ግን እኔ አልጽፍልዎትም። የእርስዎ ነው።»

ቤት ገብቼ ለባሌ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ተግሣጽ ጠብቄ ነበር። እሁድ እሁድ ስለ እውነት ሲናገር ከፊት ወንበር ተቀምጬ የምሰማው ሰው ነው። እሱ ግን «ጻፊው» አለኝ።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ።

«ብሩን አልበላሽም» አለ። «ግብሩንም ከፍለሽበታል። ማን ይጎዳል? ማንም አይጎዳም። ጻፊው።»

ያን ጊዜ ነው ምን ያህል እንደደከመው ያየሁት። ልጅ ሆኖ ሁምቦ ላይ ድርቅ በመጣ ቁጥር ቤተሰቡ ከዘመድ ዘመድ እየተጠጋ ነው ያደገው፤ በሰው ቤት መብላት፣ በሰው ቤት መተኛት እንዴት እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ደብዳቤውን ከመጻፍ ይልቅ ለዚያ ሰው አይሆንም ማለት ከበደኝ። «ሽማግሌው እንዲህ ካለ እኔ ማን ነኝ?» አልኩት። ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ጻፍኩት። ለሌላ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ በኮምፒውተር ስጽፍ ዓመታት ስላለፉ ጣቴ ራሱ ያውቀዋል፤ «ጉዳዩ፦ ስለ ገቢ ማብራሪያ ይመለከታል።» አትሜ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ እስክርቢቶ ስፈልግ እማማ ገቡ። እማማ ከማኅበራችን በዕድሜ ትልቋ ናቸው፤ ገበያ ዝንጅብል ይሸጣሉ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው የሳምንቱን መዋጮ አወጡና ደብዳቤው ላይ አስቀመጡት። ባንኮኒው ላይ ባዶ ቦታ ያ ብቻ ነበር። ማንበብ አይችሉም። ብሩ ላይ የዝንጅብል አፈር ነበረበት።

ደብተሩን ስስብ እሳቸው ወደ በሩ ዞረዋል።

«እማማ፣ ስጽፍ እንኳ አያዩኝም?» አልኳቸው በወላይትኛ።

«አንቺ አለሽ አይደል» ብለው ወጡ።

ተናደድኩ። በእሳቸው ነው የተናደድኩት። ደብተሩን አሳዪኝ ቢሉ፣ ባለፈው ሳምንት የሰጠሁሽን ጽፈሻል ወይ ብለው ቢጨቀጭቁኝ ኖሮ እጄ ያን ያህል አይከብድም ነበር። ብሩን አነሳሁ። አፈሩ «ሽያጭ» የሚለው ቃል አካባቢ ቡናማ ነጥብ ትቷል። ያን ወረቀት ልፈርምበት አልቻልኩም። ወረቀት ውድ ስለሆነ አልቀደድኩትም፤ ገልብጬ ማሽኑን መሞከሪያ አደረግኩት።

ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። ይህን ያህሉ የሃያ ሁለት ሴቶች የቅቤ ቁጠባ ነው፣ ገቢዬ አይደለም አልኩ። ለባሌ ስነግረው «እሺ» ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ያን ሰሞን ብዙ አላወራንም።

ደብዳቤው ግን ብቻውን አይበቃም። ማስተካከያዬ ራሱ ስህተት ስለሆነ እሱም መስተካከል ነበረበት። በጳጉሜ ገቢዎች ሄጄ ሰማያዊውን ደብተር፣ ስቴትመንቱን፣ የሴቶቹን ዝርዝር አቀረብኩ። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ሁለቴ አነበበችው። «እናቴ፣ ሰው ሲጨምርም ሲቀንስም አይቻለሁ። በአንድ ክረምት ጨምሮ የቀነሰ ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት» አለችኝ። ክፉ አልነበረችም። ተመርምሮ እንደሚወሰን፣ ትርፍ የከፈልኩት ካለ ለሚቀጥለው ዓመት እንደሚታሰብልኝ፣ ጊዜ ግን እንደሚወስድ ነገረችኝ።

እኔ ደግሞ የሌለኝ ጊዜ ነበር። የባንኩ መልስ በመስከረም መጀመሪያ መጣ። የአንድ ዓመት ገቢ ሁለት ጊዜ ስለተስተካከለ ምርመራው እስኪያልቅ ባንኩ የዚያን ዓመት ገቢ ለብድር አይቆጥረውም። ልጁ ይህን ሲነግረኝ የጥፋቱ ባለቤት እሱ ይመስል አቀርቅሮ ነበር። ልነሳ ስል አንድ ነገር ጠየቅኩት።

«መጀመሪያውኑ፣ በዚያ ሐምሌ፣ ትክክለኛውን አሳውቄ ቢሆንስ? ቅቤውን ሳልጨምር?»

ባይሠራው ይሻል ነበር፤ ግን ሠራው። ካልኩሌተሩን ነካክቶ ትንሽ ቆየና «ለጥቂት ነው፤ ግን ያልፍ ነበር» አለኝ።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ የእኔ ያችን ቀን ነው የከበደኝ። ቤቱን ያሳጣኝ የቅቤው ብር አልነበረም። በየሐምሌው እየሣቅኩ የረሳኋት ኮፒ ናት ያሳጣችኝ።

ሐጂ ጋ ሄደን ነገርናቸው። «አላህ ሌላ ይሰጣችኋል» አሉ፤ ከልባቸው ነው ያሉት። ቀን ግን አልጨመሩም፤ ቃላቸው እስከ መስቀል ነበር፣ ለገዢውም ቃል አላቸው። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ ያን ሰሞን በቅቶኛል።

የጊፋታ ሳምንት ደረሰ። ብሩን አወጣሁ፣ ከሦስት ሴቶች ጋር ገበያ ወርደን ቅቤውን በኮባ እንደተጠቀለለ ገዛን። ለመጨረሻ ጊዜ በዚያ ግቢ፣ አቮካዶው ሥር ሚዛን ሰቅለን አከፋፈልን። በረንዳው ላይ ዕቃችን ግማሹ በካርቶን ታስሮ ነበር። ሁሉም ድርሻዋን ከያዘች በኋላ «ተቀመጡ፣ የምነግራችሁ አለ» አልኩ። የሐጂ ባለቤትም የማኅበራችን አባል ናቸው፤ ወላይትኛቸው እምብዛም ስለሆነ የተናገርኩት በአማርኛ ነው። ብራችሁን ገቢዬ ነው ብዬ ፈርሜ ነበር አልኩ። ለምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደመለስኩት፣ ቤቱ እንዴት እንዳመለጠን ነገርኳቸው። ደብተሩን አውጥቼ መሃል አስቀመጥኩት። ገንዘብ ያዥነቱን ሊወስዱብኝ እንደሚችሉ አውቄአለሁ፤ ቢወስዱትም ተገቢ ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ እማማ «ግብሩን ማን ከፈለ?» አሉ። እማማ በአማርኛ ሲያወሩ ወንዱም ሴቱም አንተ ነው።

«እኔ።»

«ለቅቤያችን አንተ ግብር ከፈልክ?»

መጀመሪያ አንዷ ሣቀች፣ ከዚያ ሁሉም። የሐጂ ባለቤት እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ «የእኔም ብር አለበት እኮ! በእኔ ብር የእኔን ቤት ልትገዢ ነበር?» አሉ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳልፈልግ ሳቅኩ።

እማማ ግን ሳቃቸው ቶሎ ቆመ። «ለምን አልጠየቅከንም?» አሉ።

«ምን ብዬ እማማ?»

«ያንተ ነው በሉልኝ ብለህ። ሃያ ሁለታችን ሄደን፣ ብሩ የእሱ ነው ብለን እንፈርም ነበር።»

ዞሬ አየኋቸው። ሁሉም ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቁ ነበር፤ የሐጂ ባለቤት ሳይቀሩ። ለቁጣ የሚሆን መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ ለስድብም እንዲሁ። ይህን ስሰማ ግን ቅቤዬን ጉልበቴ ላይ እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ ባሌ ከውስጥ ሰምቶ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ፣ እጁንም ትከሻዬ ላይ አደረገ።

አሁን ስምንተኛው ቤት ውስጥ ነን፣ ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ። መደርደሪያው በጋሪ መጣ፤ አልተሳለቅኩም። ቤቱ አሁንም ይቆጨኛል፤ በዚያ በኩል ማለፍ ካለብኝ አቮካዶው እንዳይታየኝ በሌላኛው መንገድ እዞራለሁ። ከሱቄ ለሚወጣ ለእያንዳንዱ ገጽ ደረሰኝ እቆርጣለሁ፤ ደንበኞቼ አበደች ይላሉ።

ከጊፋታ በኋላ ለማኅበሩ የራሱን ሂሳብ እንክፈት አልኩ። ገንዘብ ያዥነቱን አልወሰዱብኝም። ቃለ ጉባኤውን ጽፌ፣ ሴቶቹ ሱቄ ውስጥ ተሰብስበው፣ የማኅተሙን ቀለም ባንኮኒው ላይ ከፈትኩ። እማማ አስቀድመው አውራ ጣታቸውን ነክረው ወረቀቱን ሳያዩ ሊያትሙ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«መጀመሪያ ላንብብልዎት» አልኳቸው።

«አንቺ ካልሽ በቃ» አሉኝ በወላይትኛ።

«አይበቃም እማማ» አልኩ። ወረቀቱ የተጻፈው በአማርኛ ስለነበር፣ ቀለም የነካውን እጃቸውን እንደያዝኩ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አንድ በአንድ በወላይትኛ ነገርኳቸው።